የአቴና ገል በሪችፊልድ

ባለፈው ወር የዕድራችን ሊቀመንበር ደወለልኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ጨዋና ችኩል ወጣት ነው። «እትዬ ትርሲት፣ ለአኒቨርሰሪው ቡክሌት እያዘጋጀን ነው። የዱሮውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዋን ፔጅ ይጻፉልን፤ ግን እባክዎ ፖዘቲቭ ፖዘቲቩን!» አለኝ። እሺ አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት የዕድሩ ጸሐፊ ሆኜ ያገለገልኩ ሰው አንድ ገጽ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ምሥረታው ጻፍኩ። ስለ መጀመሪያው ክረምት፣ በረዶ ውስጥ የተቀረቀሩ መኪኖቻችንን እየገፋን ለቅሶ ስለመድረሳችን ጻፍኩ። ቀልድም ጣል ጣል አደረግሁበት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠና ስምንት ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ያ ዓመት ፖዘቲቭ የለውም። ብዘለው የሚጠይቀኝ የለም፤ ከሚያውቁት ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ረስተውታል፣ ወይም እንደ እኔ የረሱ መስለው ይኖራሉ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያቆየሁትን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ልጻፈው ብዬ ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር አፓርታማ ተጋርቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ፕሊማውዝ በምትባል ሌላ ከተማ፣ ለሆስፒታል የሚሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች የሚገጣጠሙበት ፋብሪካ ነበር። ፈረቃዬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀምራል። መኪና የለኝም፣ መንጃ ፈቃድም የለኝም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከሪችፊልድ ፕሊማውዝ የሚያደርስ አውቶቡስ አልነበረም። ይዘውኝ የሚሄዱት ጋሽ ተወልደ ነበሩ።

ጋሽ ተወልደ የአስመራ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ስለነበር ስሳሳት ሲያርሙኝ አፍር ነበር። እዚህ መጥተው እኔ በምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ፣ የእኛ እጅ የሠራውን ቱቦ በማጉያ መነጽር የሚመረምሩ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ለእኔ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ማለት ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ አራት መንገድ ብቻ ስለሚርቅ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በየማለዳው መስኮቴ ሥር ይቆማሉ። ጎረቤት እንዳይነቃ ጥሩምባ አይነፉም፤ መብራታቸውን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋሉ፣ እኔም እወርዳለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን በንጹህ ፎጣ የተጠቀለለ ሕምባሻና አንድ ቴርሞስ ሻይ ይልኩልን ነበር። ሕምባሻው ጥቁር አዝሙድ አለበት፤ መኪናዋ ውስጥ ያ ሽታ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቀኛል። እትዬ ለተብርሃን ራሳቸው ብዙም አይበሉም። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ይተኛሉ። እንደማይድኑ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ተወልደ አንድ ቀን መሪያቸውን እንደያዙ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «እኔ ዕድር የገባሁት ለእሷ ነው። የእኔስ ግድ የለም፤ እሷ ቀብሯ ላይ ሰው እንዳታጣ» አሉኝ።

ግሪኮች እንዴት ወደዚያች መኪና እንደገቡ ልናገር። ማታ ማታ ኮሌጅ እማር ነበር። ለፈረቃዬ የሚመች ሰዓት ላይ የተገኘው ትምህርት የጥንት ግሪክ ታሪክ ብቻ ሆነና እሱን ያዝኩ። መጽሐፉ እንደ ጡብ ይከብዳል፤ ስሞቹ ደግሞ ምላስ ያስራሉ። ለጋሽ ተወልደ ሳማርር ከልባቸው ሳቁ። «ግሪኮችን ለእኔ ተዪልኝ!» አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ፎር ናይንቲ ፎር የሚባለው አውራ ጎዳና የመማሪያ ክፍሌ ሆነ።

ሚኒሶታ ያላት ሁለት ወቅት ነው ይባላል፣ ክረምትና የመንገድ ሥራ። በመንገድ ሥራው ሰሞን አራቱ መስመር አንድ ሲሆንና ትልልቅ የጭነት መኪኖች ከኋላችን ሲደረደሩ፣ «ይኸውልሽ ቴርሞፒሌ፣ ጥቂት ግሪኮች የፋርስን ጦር ያገዱበት ቦታ። እኛ ጠባቡን በር ይዘናል፣ ፋርሶቹ ከኋላ ናቸው» ይሉኛል። ጀግና ግን ብዙም አይወዱም ነበር። የሚወዱት መርከብ ቀዛፊዎቹን ነው። «ፋርስን ባሕር ላይ የሰበረው መቅዘፊያ የያዘው ድሃ ነው። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ ድሃው፣ እኔም በሀገሬ ጉዳይ ድምፅ ይገባኛል አለ። ማን እምቢ ይለዋል?» ይላሉ።

አንድ ማለዳ ደግሞ አቴናዎች ሲሲሊ ላይ ጦር ለመላክ የወሰኑበትን ጉባኤ ነገሩኝ። ሰዉ በሙሉ እየጮኸ እጁን ሲያወጣ፣ ነገሩ ያልጣማቸው ሰዎች ሀገራቸውን የማይወዱ እንዳይባሉ ዝም አሉ። ጦሩ ሄደና ሳይመለስ ቀረ። በሌላ ቀን፣ ጭጋግ መንገዱን ሸፍኖት ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ስለ ገሉ አወሩኝ።

«አቴናዎች ከፈለጉ በዓመት አንዴ አንድ ሰው ከከተማቸው ያስወጡ ነበር» አሉ። «ክስ የለም፣ ምስክር የለም፣ ስድብ የለም። ሁሉም የተሰበረ ሸክላ፣ ገል፣ ያነሳል፤ የሰውየውን ስም ይጭርበትና ደፍቶ ያስረክባል። ብዙ ገል የወጣበት ሰው አሥር ቀን ይሰጠውና ለአሥር ዓመት ይወጣል። ቤቱ ቤቱ ነው፣ መሬቱ መሬቱ ነው፣ ስሙም አይጎድፍም። አሥር ዓመቱ ሲሞላ ይመለሳል።»

«ምን አጥፍቶ?» አልኳቸው።

«ምንም። ሰዉ ስለፈራው።»

ይህን ጽፌ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ኤ አገኘሁ። ረቂቁን እሳቸው አርመውልኝ ነበር፤ በእርሳስ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በዚያች ደቃቅ የመምህር ጽሕፈታቸው። የእኔን ጽሕፈት ደግሞ ከእናቴ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ያ የኢትዮጵያና የኤርትራ የግንቦት ጦርነት ሲጀመር ዕድራችን አርባ አንድ ቤተሰብ ነበር። የአዲስ አበባም የወሎም ሰው አለበት፣ ክርስቲያንም እስላምም፤ ከኤርትራም ሦስት ቤተሰብ ነበሩ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው «የወንድማማች ጠብ ነው፣ ይበርዳል» ይል ነበር። አልበረደም። ነሐሴ ሲደርስ ከሦስቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ሳይሰናበቱ መምጣት አቆሙ። ጋሽ ተወልደ ብቻ ቀሩ። እሳቸው ለየወሩ ስብሰባ እንደለመዱት ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ይመጣሉ፣ የተቆጣጣሪነት ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከዕድሩ ምሥረታ ጀምሮ ተቆጣጣሪው እሳቸው ነበሩ፤ ምርጫ ሲኖርም ድምፁን አንብበው የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው።

በነሐሴው ስብሰባ ግዛቸው ተነሳ። ግዛቸው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ታክሲ ነጂ ነበር፤ በተፈጥሮው ክፉ አልነበረም። የእህቱ ልጅ ግንባር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል፣ እንቅልፍም አልነበረውም። ጋሽ ተወልደም ያው ናቸው፤ ወንድማቸው ሠላሳ ዓመት ከኖረበት የአዲስ አበባ ቤቱ ተወስዶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ድንበር እንዲሻገር ተደርጓል። ሁለቱም በየፊናቸው ሐዘን ላይ ነበሩ። አንዱ ሌላውን አልጠየቀም።

«እኔ ከጠላት ጋር ዕድር አልጠጣም!» አለ ግዛቸው። «ስም አልጠራም፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁኑኑ እጅ እናውጣ!»

ሊቀመንበራችን ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ሰላም ወዳድና ፈሪ ነበሩ። «ኧረ ተዉ በአላህ፣ ሰውየው እዚሁ ተቀምጠው...» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። ቤቱ ዝም አለ። ያን ዝምታ ሳይ ሲሲሊ ትዝ አለችኝ። እጅ ይውጣ ከተባለ ለጋሽ ተወልደ የሚያዝኑት ሁሉ ፈርተው እጃቸውን ያወጣሉ። በምስጢር ከሆነ ግን ባዶ ወረቀት ይጥላሉ፣ እሳቸውም ይተርፋሉ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ብቻ አልነበረም። ኤ ያገኘሁ ልጅ ነበርኩ፤ ማወቄም እንዲታወቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ተነሳሁና ስለ አቴና ተናገርኩ። እያንዳንዱ ሰው ይወጣልኝ የሚለውን ሰው ስም ይጻፍ፣ የሌለው ባዶውን ይስጥ፣ ከግማሽ በላይ የተጻፈበት ሰው ለአሥር ዓመት ይውጣ፣ ስድብ ግን አይኑር አልኩ። ሰዉ ወደደው። የጥንት ነገር፣ የፈረንጅ ነገር፣ ጨዋ ነገር መሰለው። ግዛቸው ራሱ «ይሁን» አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ጋሽ ተወልደ እጃቸውን አወጡ። ሰዉ የሚለምኑ መሰለው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ በመኪናው ውስጥ በማውቀው ድምፅ፣ «አንድ ነገር ረሳሽ ትርሲት» አሉ። «አቴናዎች በዚያው ቀን አይጽፉም። መጀመሪያ ይህን ነገር ዘንድሮ እናድርግ ወይስ አናድርግ ብለው ይወስናሉ። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ይጠብቃሉ። ቁጣ እስኪበርድ ነው።»

«ሁለት ወር የለንም» አለ ግዛቸው። ጋሽ ሰይድ አቀርቅረዋል። ሁለት ወሩን ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በወረቀቴ ላይም ጽፌው ነበር። አሁንም «ትክክል ናቸው፣ እንጠብቅ» ማለት እችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ቢጫ ወረቀት መቁረጥ ጀመርኩ።

ድምፁ የተሰበሰበው በባዶ የአይስክሬም ባልዲ ነው። እኔ ባዶዬን አጥፌ ልጥል ስል ግዛቸው ከጎኔ ጎንበስ አለ። ፈገግ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጸሐፊያችን ደግሞ ማንን ትጽፍ ይሆን? እጅ ጽሕፈትሽን እንደሆነ ሀገር ያውቀዋል። ከሌለ ያው የሰውየው ወገን፣ መኪናው ውስጥ ነሽ ማለት ነው» አለኝ። የአርባ አንድ ቤተሰብ ቃለ ጉባኤ በእኔ ጽሕፈት ተጽፏል። ከወረቀቶቹ መሀል የእኔ እጅ ቢጠፋ እንደሚታወቅ ገባኝ።

ምን ያደርገኝ ነበር? ሥራዬን አይወስድ፣ ቤቴን አይወስድ። በጎሪጥ መታየትን ብቻ ነው የፈራሁት። ጻፍኩና ጣልኩ። የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያመጣል ብዬ።

ጋሽ ሰይድ «ዛሬስ ሌላ ሰው ያንብበው» ቢሉ ጋሽ ተወልደ አልተቀበሉም። «ተቆጣጣሪው እስከ መጨረሻው ተቆጣጣሪ ነው» ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። እያንዳንዱን ወረቀት ዘርግተው፣ የተማሪ ስም እንደሚጠራ መምህር፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ አነበቡ። «ተወልደ። ተወልደ። ባዶ። ተወልደ።» አንዱ ወረቀት ላይ «ግዛቸው» ተጽፎ ነበር፤ ያን የጻፈው ጀግና ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ አንዱን ዘረጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ጋሽ ተወልደ» ብለው አነበቡ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ለካ እጄ ከልማዱ «ጋሽ» ብሎ ጽፏል። ከሠላሳ ስምንት ወረቀት አክብሮ ያባረራቸው የእኔ ብቻ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። ወረቀቱን ከሌሎቹ ላይ አስተካክለው አኖሩትና ቀጠሉ።

ሃያ ሦስት ድምፅ ወጣ። የእኔ ባይኖርም ሃያ ሁለት ይሆናል፣ ውጤቱም ያው ነው። ለብዙ ዓመታት በዚህ ስጽናና ኖርኩ፤ ነገር ግን አያጽናናም። ጋሽ ተወልደ ቆጠራው ላይ ፈረሙ። «ትክክል ነው» አሉ፤ ከዚያ ኮታቸውን እያነሱ፣ «እንግዲህ አሥር ቀን አለኝ» አሉ። ቀልዱ የገባው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም አልሳቅሁም።

ሰኞ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቴ በብርሃን ሁለቴ ብልጭ አለ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ ያች ቡናማ መኪና ቆማለች፣ ሞተሯ ይሠራል። ልብሴን ለብሻለሁ፣ ምሳዬን ይዣለሁ፣ ደረጃውን መውረድ ብቻ ነው የቀረኝ። አልወረድኩም። ምን ብዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ? አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ሄዱ። እኔ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ የቀረውን በነሐሴ ወበቅ በእግሬ ሄጄ፣ አርፍጄ ገባሁ። ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም። ሳምንቱን ሙሉ መጡ፣ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ፋብሪካ ውስጥ ስንተላለፍ ጋሽ ተወልደ እንደወትሮው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ቱቦዎቼን የምቆጥር እመስላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልትወስደኝ መጣች። ስወርድ ጋሽ ተወልደም ቆመዋል። እያዩኝ ሌላኛዋ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከዚያን ዕለት ወዲያ መስኮቴ ብልጭ ብሎ አያውቅም። አሁንስ ቁርጥ አድርገው ተቀየሙኝ ብዬ አለቀስኩ፤ ደግሞም፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ቀለል አለኝ።

እትዬ ለተብርሃን ጥር ላይ ሞቱ። ምድሩ እንደ ድንጋይ የሚደርቅበት ሰሞን ነበር። ዕድሩ አልወጣም፤ ማንም አትሂዱ አላለም፣ ማንም ግን አልሄደም። እኔ ያን ቀን ኦቨርታይም ያዝኩ። ከሳምንት በኋላ ጋሽ ሰይድን ዳቦ ቤት አገኘኋቸው። ብቻቸውን ሄደው ነበር።

«ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው የተቀበሩት» አሉኝ፣ አይን አይኔን ሳያዩ። «ሳጥኑን የሚይዝ ስድስት ሰው አልሞላም ነበር፣ ልጄ። አራት ሆንን። ሁለት የቀብር ቤቱ ፈረንጆች ደግፈው ያዙልን። ተወልደ አመስግኗቸው ሲጨርስ፣ እኔንም በእንግሊዝኛ አመሰገነኝ። ባዳ መስዬው መሰለኝ።»

በጸደይ ጋሽ ተወልደ ወደ ሌላ ግዛት፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ልሰናበታቸው አልሄድኩም። አሥር ዓመቱ ሲሞላ የዕድሩ ጸሐፊ ገና እኔ ነበርኩ፤ ቀኑን አውቀው ነበር፣ ይጠሩ ብሎ ያነሳ ግን የለም፤ እኔም አላነሳሁም። በኋላ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ለሳቸው በቃልም በጽሑፍም ሳልሰጥ ቀረሁ። ከሠራሁት ሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ከወረቀቱም በላይ።

አሁን እሳቸው ያኔ የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። የምሠራው አሁንም ፕሊማውዝ ነው፣ ሌላ ድርጅት። ከመጣች ዓመት ላልሞላት አንዲት ልጅ ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራ ራይድ እሰጣለሁ። ባለፈው ኅዳር በማይረባ ነገር ተጋጨን፤ ሰው ፊት የማይባል ቃል ተናገረችኝ። በማግስቱ ማለዳ በሯ ላይ ቆምኩ፤ አልወረደችም። በሦስተኛው ቀን እህቴ ስልክ ላይ ተቆጣችኝ። «እንዲህ ሰድባሽ ምን ልሁን ብለሽ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«ባስ የለማ» አልኳት። «በምን ትሄዳለች?»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩት፤ እህቴ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ሃሎ ሃሎ አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ጋሽ ተወልደ በእነዚያ ማለዳዎች ለምን እንደመጡ ሳሰላስል ኖሬያለሁ። አንዳንዴ ሊያሳፍሩኝ ነው እል ነበር፣ አንዳንዴ ይቅርታ እንድጠይቃቸው ዕድል ሊሰጡኝ ነው፣ አንዳንዴም አሥር ቀናቸውን እየቆጠሩ ነው እል ነበር። ሰውየው ይህን ሁሉ አላሰቡም። ፈረቃዬ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ አውቶቡስ የለም፣ ያሰቡት ይህንኑ ነው። ሌላ መኪና ውስጥ ስገባ ያዩኝ ዕለት መምጣት ያቆሙትም ተቀይመውኝ አልነበረም፤ የምትወስደኝ ሰው ስላገኘሁ ነው።